የባዕድ ዋጋ

መቼም ሰው ከአገሩ ሲወጣ መጀመሪያ የሚገዛው ነገር የባዕድነት ቲኬት ነው። እኛም በስሪላንካ፣ በዳምቡላ ከተማ፣ ከትልቁ የዋሻ ቤተ መቅደስ ሥር ቆመን የገዛነው ይህንኑ ነበር። ነጭ የለበሱት የአገሬው ምዕመናን አበባቸውን በሳህን ይዘው ሰተት ብለው ያልፋሉ፤ የሚጠይቃቸው የለም። እኛ ሦስት የአዲስ አበባ ልጆች ግን ግንባራችን ላይ ‹‹እንግዳ›› ተብሎ የተጻፈብን ይመስል ወደ ቲኬት መስኮቱ ተጠቆምን። ከፈልን። ቅሬታ የለንም፤ ላሊበላም ቢሆን ፈረንጁን የሚያስከፍለው እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ የዚያን ቀን ፈረንጆቹ እኛ መሆናችን ነው።

ከቲኬቱ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ነው። ዳምቡላ ከካንዲ ከተማ ወደ ሰሜን 72 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደሴቲቱ መሐል ትገኛለች። ዓለቱ ከዙሪያው ሜዳ 160 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ብቻውን ጉብ ብሏል። ፀሐዩ ይጠብሳል፣ አየሩ ያልባል፣ ጦጣዎቹ ደግሞ ከሰው እጅ ሙዝ ሲነጥቁ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተጣብቆ ላይ ስንደርስ ‹‹ጫማ አውልቁ›› ተባልን። ይሄማ የለመድነው ነው። ‹‹ትከሻ ሸፍኑ›› ተባልን። ይሄም የለመድነው ነው፤ ነጠላችንን ከቦርሳ አውጥተን ጣል አደረግን። ነጭ ልብስ፣ ባዶ እግር፣ የዕጣን ሽታ… ለአፍታ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ግቢ የቆምን መሰለን።

ጫማ የምትጠብቀው ሴት ነጠላችንን አይታ ‹‹ሐበሺያ?›› አለችን። በዐረብኛ! ለካስ ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች። ነጠላ የምታውቀው እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከምታያቸው ኢትዮጵያውያን ጓደኞቿ ነው። ከእኛም አንዷ አክስቷ እዚያው ቤይሩት ነበሩና በተሰባበረ ዐረብኛ ጨዋታ ተጀመረ። የእርሷን ነገር ከዓለቱ ስንወርድ እንመለስበታለን።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንናገር።)

ከእኛ በፊት የመጡት

ወደ ዋሻው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንበል፤ ከእኛ ምድር ወደዚህች ደሴት ስንመጣ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ሒምያርን ለመውጋት በሚሰናዱበት ሰሞን አዱሊስ ነበር። በኋላ በጻፈው መጽሐፉ ግሪኮች ታፕሮባኔ ስለሚሏት ስለዚህች ደሴት ብዙ ይተርካል። ከሕንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ መርከቦች የሚመላለሱባት የንግድ መገናኛ እንደነበረችም ይናገራል።

ኮስማስ ከሚያወራቸው ታሪኮች አንዱ የሶጳጥሮስ ነው። ይህ ሮማዊ ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ሆኖ ደሴቲቱ ላይ ይወርዳል። በዚያው ጊዜ የፋርስ መርከብም ደርሶ ነበርና ሁሉም ንጉሡ ፊት ይቀርባሉ። ንጉሡ ‹‹ከነገሥታቶቻችሁ ማን ይበልጣል?›› ብሎ ይጠይቃል። ፋርሱ ቀድሞ የእርሱን ንጉሥ አሞገሰ። ሶጳጥሮስ ግን ሁለቱንም ነገሥታት በገንዘባቸው እንዲመዝናቸው ንጉሡን ጋበዘው፤ የሮም ሳንቲም ወርቅ ነው፣ የፋርሱ ብር። ንጉሡም ለወርቁ ፈረደ። አክሱምም በዚያ ዘመን የራሷን ወርቅ ትቀርጽ ስለነበር፣ የእኛዎቹ አዱሊሶች ጎን ቆመው ምን ይሉ እንደነበር ብናውቅ እንዴት ደስ ባለን! ኮስማስ ግን ለእነርሱ አፍ አልሰጣቸውም።

ኮስማስ አንድ ሌላ ነገርም ይነግረናል። በደሴቲቱ ላይ ከፋርስ የመጡ ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው፤ ካህናቸው ከፋርስ ተሹሞ ይመጣላቸዋል፤ የአገሬው ሕዝብና ነገሥታቱ ግን የሌላ እምነት ሰዎች ነበሩ። ማለትም ደሴቲቱ ከጥንትም ባዕድ የለመደች ናት። ይህን በልባችን ይዘን እንግባ።

‹‹አዲስ ተቀብቷል እንዴ?››

ከውጭ የሚታየው ነገር ዝምተኛ ነው፤ ከግዙፉ ዓለት ጥርብ ሥር የተዘረጋ፣ ቅስት ቅስት ያለው ነጭ በረንዳ። ይህ በረንዳ በ1938 የተጨመረ ነው። ቀና ብላችሁ ካያችሁ ግን የጥንቶቹ መነኮሳት ብልሃት ይታያችኋል፤ ከዋሻዎቹ አፍ በላይ ዓለቱ ላይ እንደ ቦይ የተጠረበ ጠርዝ አለ። ዝናብ በዓለቱ ላይ ሲወርድ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ወደ ዋሻው መግባቱን ትቶ ከውጭ ይንጠባጠባል። በደሴቲቱ የቀደሙ የገዳም ዋሻዎች ሁሉ መለያ ይህ ጠርዝ ነው።

ውስጥ ስንገባ አንዳችን ያለችውን እንጻፈው፤ ‹‹አዲስ ተቀብቷል እንዴ?››

እውነትም ዓይን ያጭበረብራል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር። ጣሪያው ዓለት ነው፤ ሠዓሊዎቹ ግን ዓለቱን ሊያስተካክሉት አልሞከሩም። ጎድጎድ ሲል ሥዕሉ አብሮ ጎድጎድ፣ ሲያብጥ አብሮ እያበጠ፣ ከላያችን ነፋስ የሚያወዛውዘው ጥለት ያለው ድንኳን የተወጠረ ይመስላል። በሥዕል የተሸፈነው ቦታ 2,100 ካሬ ሜትር ነው። በአምስቱ ዋሻዎች ውስጥ ከ150 በላይ ሐውልቶች አሉ፤ አብዛኞቹ የቡድሃ ናቸው። በመጀመሪያው ዋሻ ከዓለቱ ራሱ የተፈለፈለ 14 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቡድሃ በጎኑ ተጋድሟል፤ የእግሩ መዳፍ በቀይ ቀለም ያበራል። ዩኔስኮ ቦታውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1991 ነው።

እውነቱን ለመናገር ቅር አለን። እኛ ጥንታዊ ነገር ማለት የደበዘዘ፣ የተላጠ፣ ግማሹ በግምት የሚነበብ ነገር ነው ብለን ነው ያደግነው። ይህ ግን ለዓመት በዓል እንደታደሰ ሳሎን ቤት ነው። ቀስ ብለን ስንጠይቅና ስናነብ ግን የቀለሙ ድምቀት ራሱ ታሪክ መሆኑ ገባን። ዛሬ ከምናየው ሥዕል አብዛኛው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንድ ንጉሥ ትእዛዝ ከአሮጌው ላይ የተሣለ ነው፤ የመጨረሻው ዋሻ ደግሞ በ1915 እንደገና ተቀብቷል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ያ ንጉሥ ማን ነበር? ያን ሁሉ ቀለምስ ለምን ፈለገው?

መልሱን ያገኘነው ከሐውልቶቹ ነው። ከቡድሃዎቹ መሐል የሦስት ነገሥታት ሐውልት ቆሟል። ሦስቱን ስናጠና አንድ ነገር አስደነገጠን፤ አንዱ ስደተኛ ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ መጤዎች ናቸው።

ስደተኛው

የመጀመሪያው ቫላጋምባ ይባላል፤ ሐውልቱ በሁለተኛውና በትልቁ ዋሻ ይገኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ103 ዓመት በአኑራዳፑራ በነገሠ በወራት ውስጥ ከደቡብ ሕንድ የመጡ የታሚል አለቆች ዙፋኑን ነጠቁት። ማሃቫምሳ የተባለው የደሴቲቱ ዜና መዋዕል ሽሽቱን ሲተርክ ልብ ይነካል። ሠረገላው ከብዶ አልፈጥን ሲል፣ ባሏ እንዲያመልጥ ንግሥት ሶማዴቪ በገዛ ፈቃዷ ወረደች፤ ተማረከችም። ቫላጋምባ ለ14 ዓመት በየጫካውና በየዋሻው ተደበቀ። ትውፊቱ እንደሚለው ከተደበቀባቸው ቦታዎች አንዱ የዳምቡላ ዓለት ነው። ዙፋኑን ካስመለሰ በኋላ የሸሸጉትን ዋሻዎች ቤተ መቅደስ አደረጋቸው። ሶማዴቪንም አስፈልጎ አስመጣት፤ በስሟም ገዳም አሠራላት።

የዚህ ንጉሥ ዘመን ሌላም ነገር አለው፤ ለእኛ ጽሑፍ ለተማርን ደግሞ ትልቁ ይሄ ነው። እስከዚያ ድረስ የቡድሃ ትምህርት በቃል ነበር የሚተላለፈው፤ ልክ የእኛ የዜማ ተማሪ ድጓውን በቃሉ እንደሚይዘው። ጦርነትና ረሃብ ሲደራረብ ቃሉን የያዙት መነኮሳት አለቁ። አንድ መነኩሴ ሲሞት አንድ መጽሐፍ ሞተ ማለት ነው። የቀሩት ተሰብስበው ትምህርቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በዘንባባ ቅጠል ላይ ጻፉት። ትውፊቱ ይህ የሆነው ከካንዲ ወደ ዳምቡላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በአሉቪሃሬ ገዳም ነው ይላል። የስደትና የረሃብ ዘመን ለዓለም መጽሐፍ ትቶ አለፈ።

በዚሁ በትልቁ ዋሻ ግድግዳ ላይ ከቫላጋምባ በፊት የነበረ ጦርነት ተሥሏል፤ የሲንሃላው ዱቱጋሙኑ የታሚሉን ንጉሥ ኤላራን የገጠመበት። ብዙ ሰው ሥዕሉን አይቶ ‹‹የእኛ ወገን አሸነፈ›› ብሎ ያልፋል። ያው ማሃቫምሳ ግን ታሪኩን እዚያ ላይ አያቆምም። አሸናፊው ለተሸናፊው መቃብር አሠራለት፤ በመቃብሩ በኩል የሚያልፍ ሁሉ፣ ንጉሥም ቢሆን፣ ሙዚቃውን እንዲያቆም አዘዘ። ግድግዳው ላይ ጦሩ ይታያል፤ ጸጥታው ግን አልተሣለም።

ወርቅ የቀባው

ሁለተኛው ኒሳንካ ማላ ነው፤ ከ1187 እስከ 1196 ገዛ። ልብ በሉ፣ በእኛ በኩል ይህ የንጉሥ ላሊበላ ዘመን ነው፤ ሮሃ ላይ ዓለት ሲፈለፈል ዳምቡላ ላይ ዓለት ወርቅ ይቀባል። ኒሳንካ ማላ የዋሻዎቹን ሐውልቶች በወርቅ አስለብጦ ይህንኑ በዓለት ጽሑፍ አስቀርጿል። የቦታው ሙሉ ስም ‹‹ራንጊሪ ዳምቡላ›› መባሉም ከዚህ ወርቅ ጋር የተያያዘ ነው፤ ‹‹የወርቅ ዓለት›› ማለት ነው።

ይህ ሰው ግን የደሴቲቱ ልጅ አልነበረም። ከካሊንጋ፣ ከዋናው የሕንድ ምድር የመጣ ነው። መጤነቱን ስለሚያውቅ ይመስላል ስለ ራሱ ያላስጻፈበት ድንጋይ የለም፤ በዋና ከተማው በፖሎናሩዋ ‹‹የድንጋይ መጽሐፍ›› የሚባል ግዙፍ ጽሑፍ ትቷል። በጽሑፎቹ ላይ የሚደጋግማት ሐሳብ አለች፤ በዚህች ደሴት ቡድሃን የማያምን አይንገሥ፣ መንገሥ የሚገባውም የካሊንጋ ዘር ነው የምትል። ያስቃል፣ ያሳዝናልም። ትናንት በሩን አልፎ የገባው ሰው፣ ዛሬ በሩ ላይ ቆሞ የሚገባውን ይመርጣል።

ቀለም የቀባው

አሁን ወደ ባለ ቀለሙ እንምጣ። ሦስተኛው ዋሻ ‹‹ታላቁ አዲስ ቤተ መቅደስ›› ይባላል። በስተ መግቢያው በኩል የኪርቲ ስሪ ራጃሲንሃ ሐውልት ቆሟል፤ ከኋላው ግድግዳው ላይ አጃቢዎቹ ተሥለዋል። ከ1747 እስከ 1782 በካንዲ የነገሠው ይህ ሰው ነው ዋሻውን ቤተ መቅደስ ያደረገው፤ የቀሩትንም እንደገና ያሣለው።

የንግሥናው ነገር እንዲህ ነው። የካንዲ ነገሥታት ‹‹ንግሥት ከነገሥታት ወገን ትሁን›› እያሉ ሚስት ከደቡብ ሕንድ፣ ከማዱራይ ያስመጡ ነበር። በ1739 ንጉሥ ናሬንድራሲንሃ ከንግሥቲቱ ወራሽ ሳይወልድ ሞተ። ከሌላ ሚስት የተወለደ ልጅ ነበረው፤ እናቱ የነገሥታት ወገን ባለመሆኗ ታለፈ። ዙፋኑ ለንግሥቲቱ ወንድም፣ ናያካር ከሚባሉት የማዱራይ ሰዎች ለአንዱ ተሰጠ። ከእርሱም በኋላ በተመሳሳይ መንገድ፣ የንግሥት ወንድም በመሆን፣ ኪርቲ ስሪ ነገሠ። ታሚልኛ ከሚነገርበት፣ የሂንዱ አማልክት ከሚመለኩበት ቤት የመጣ ወጣት የሲንሃላ ቡድሂስቶች ንጉሥ ሆነ።

ምን አደረገ? አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ቁጠሩ። በዚያን ጊዜ በደሴቲቱ ሙሉ ማዕረግ ያለው አንድም መነኩሴ አልቀረም ነበር። ማዕረጉን የሚሰጡት ደግሞ ሙሉ መነኮሳት ብቻ ስለሆኑ ሰንሰለቱ ተበጥሷል። (ለዘመናት አቡን ከእስክንድርያ ስናስመጣ ለኖርን ለእኛ ይህ ችግር ማብራሪያ አያሻውም።) ኪርቲ ስሪ ወደ ሲያም፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ታይላንድ፣ መልእክተኛ ላከ። በ1753 ኡፓሊ የተባሉት አባት ከነመነኮሳቶቻቸው በሆላንዶች መርከብ ከአዩታያ መጡ፤ ምንኩስናው እንደገና ተተከለ። ዛሬም በስሪላንካ ትልቁ የመነኮሳት ማኅበር የሚጠራው በሲያም ስም ነው። ንጉሡ የፈረሱ መቅደሶችን አሳደሰ። ዜና መዋዕሉ እስከ ራሱ ዘመን እንዲቀጥል አስጻፈ። ዳምቡላንም አሣለ።

ታዲያ ይህ ሁሉ አመኔታ ገዛለት? በ1760 መኳንንቱና ከፍ ያሉ መነኮሳት ሊገድሉት ዶለቱ። እርሱ ራሱ ያስመጣላቸው የምንኩስና ሥርዓት ሰዎች ከሴራው ውስጥ ነበሩ፤ በምትኩ ሊያነግሡ ያሰቡት ደግሞ የሲያም ልዑል ነበር። እንደሚተረከው ጥፋቱ በግንባሩ ላይ አመድ መቀባቱ ነው፤ የሺቫ አማኞች የሚቀቡትን አመድ። ሴራው ተነቃበት፤ መኳንንቱ ተገደሉ። ንጉሡ ግን ለሃይማኖቱ የሚያደርገውን አላቋረጠም።

እኛ ከሐውልቱ ፊት ቆመን ያሰብነው ይህንን ነው። ያ ሁሉ ቀይና ቢጫ የእምነት ብቻ አይደለም፤ የመጤ ክፍያም ነው። የአገሬው ንጉሥ ቢሆን ኖሮ አንድ ዋሻ ቢያሣል በበቃው። ባዕዱ ግን ጣሪያው ላይ ቀዳዳ ሳይተው መሣል ነበረበት። የአገሬው ሰው በነፃ የሚያልፍበትን በር እርሱ በየቀኑ ቲኬት እየቆረጠ ነው ያለፈው።

እርሱን መልአክ ልናደርገው ግን አንፈልግም። የሲያም ሥርዓት በተተከለ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ሙሉ ምንኩስናው ለገበሬውና ለመኳንንቱ ዘር ብቻ ተብሎ ታጠረ፤ ዝቅ ተደርገው የሚታዩት ዘሮች ተከለከሉ። እነርሱም በ1800 ገደማ ምንኩስናቸውን ፍለጋ ወደ በርማ ባሕር ተሻገሩ። አያችሁ፣ በር የተዘጋበት ሰው ሁሉ በር ከፋች አይሆንም።

ባዕድን ያባረረው ባዕድ

ከዚያ ደግሞ ሌላ ባዕድ መጣ። በ1815 እንግሊዞች ከካንዲ መኳንንት ጋር ተዋውለው የመጨረሻውን ንጉሥ፣ ስሪ ቪክራማ ራጃሲንሃን፣ አወረዱት። እርሱም ናያካር ነበር። የውሉ ቃል የ‹‹ማላባር›› ዘር፣ ማለትም ከደቡብ ሕንድ የመጣው ወገን፣ በካንዲ ዙፋን ላይ ያለው መብት ሁሉ መሰረዙን ያውጃል። ከለንደን የመጣው ሰው ከማዱራይ የመጣውን ‹‹ባዕድ ነህ›› ብሎ አባረረው! ንጉሡ ወደ ሕንድ፣ ወደ ቬሎር ተግዞ እዚያው በ1832 ሞተ።

የሕዝቡ መልስ ግን ያልተጠበቀ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከ1817 እስከ 1818፣ በእንግሊዞች ላይ ያመፁት የካንዲ ሰዎች የተሰለፉት ‹‹እኔ የናያካር ቤተሰብ ነኝ›› ካለ ሰው ኋላ ነው። ሰውየው እንዲያውም የውሸቱን ነበር፤ የአገሬው ተወላጅ ነው። ትናንት ‹‹ባዕድ›› የተባለው ዘር፣ ዛሬ የነፃነት መጠሪያ ሆኖ የአገሬው ልጅ ተዋሰው።

በሐምሌ 1848 ነገሩ ወደ ዳምቡላ ራሱ ወጣ። እንግሊዞች ውሻ ላይ ሳይቀር ግብር ጥለው ነበርና የማታሌ አካባቢ ሕዝብ ተነሣ። ጎንጋሌጎዳ ባንዳ የተባለውን ሰው ለማንገሥ የተመረጠው ቦታ ይኸው የዋሻ ቤተ መቅደስ ነበር፤ የቀቡትም የዳምቡላው አለቃ መነኩሴ ናቸው። አመፁ በሳምንታት ውስጥ ተደመሰሰ፤ የተቀባው ንጉሥም ወደ ማላካ ተጋዘ። ያ ሁሉ የቃል ትምህርት ተጽፎበታል የሚባለው የአሉቪሃሬ ገዳምም በዚያው ዓመት ወድሟል።

ዛሬ ያንን ታሪክ የምናነበው ከ1983 እስከ 2009 በመንግሥትና በታሚል ታጣቂዎች መካከል ከተካሄደው ጦርነት በኋላ ነው። ‹‹የደሴቲቱ ባለቤት ማን ነው?›› የሚለው ጥያቄ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕይወት በልቷል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ዳምቡላ ጥያቄውን አልተገላገለችውም። በሚያዝያ 2012 ‹‹መስጊዱ በቅዱሱ የቤተ መቅደስ ቦታ ላይ ነው ያለው፣ ይነሣ›› ያለ ሕዝብ፣ መነኮሳት ከፊቱ ሆነው፣ እዚችው ከተማ ውስጥ ያለ መስጊድ ላይ ዘመተ። ከዚያው ዓለት በላይ ግን የሂንዱው ቪሽኑ ሐውልት ከቡድሃ ጋር በአንድ ዋሻ ጣሪያ ሥር ቆሟል፤ ሥዕሉንም ያሣለው ከማዱራይ የመጣ ንጉሥ ነው። ታሪክን ከጣሪያ ላይ ማንበብ የሚቻልበት ቦታ ዓለም ላይ ብዙ የለም፤ ግን ቀና ማለት ያስፈልጋል።

‹‹መጤ›› የሚለው ቃል በእኛም አፍ ላይ ምን እንደሚሠራ እዚህ አንዘረዝረውም፤ አንባቢያችን ያውቀዋል። ቤተ መቅደስ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ‹‹የእኛ ብቻ›› የሚል ሰው ሲገጥመን ግን ከእንግዲህ አንድ ጥያቄ አለን። ማን አሠራው? ማን አሣለው? ድንጋዩን ማን ተሸከመው? መልሱ ብዙ ጊዜ የምንጠብቀውን ሰው ስም አይሆንም።

ስንወርድ

በትልቁ ዋሻ ውስጥ ከጣሪያው ዓለት ጠብ ጠብ የምትል ውሃ አለች። ከሥሯ ማሰሮ ተቀምጧል፤ ምዕመናኑ ፈዋሽ ናት ይላሉ። እኛ ‹‹ጠበል›› ብለናት ወጣን፤ ሌላ ቃል አልመጣልንም።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጫማችን ጋ ደረስን። ሴትዮዋ አልሄደችም። ከእኛ አንዷ በዐረብኛዋ ‹‹ቤይሩት እንዴት ነበር?›› ስትላት ትከሻዋን ሰበቀች። ቤይሩት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቤት ሠራተኛ ማለት ‹‹ሲሪላንኪዬ›› ማለት ነበር። ኢትዮጵያዊት ሆንሽ ፊሊፒኒያዊት፣ ስምሽ እርሱ ነው። የአንድ አገር ስም የሥራ ስም፣ ከዚያም የንቀት ስም ሆነ። የጓደኛችን አክስትም በዚያ ስም እንደተጠሩ ነው ወደ አገራቸው የተመለሱት። ይህን ስንነግራት ሴትዮዋ ሳቀች። ሳቋ ግን የደስታ ብቻ አልነበረም። ‹‹ያኔ ሁላችሁም ስሪላንካ ነበራችሁ›› አለችን፤ ‹‹ዛሬ ደግሞ እዚህ መጥታችሁ ፈረንጅ ሆናችሁ።››

መልስ አጣን። እውነቷን ነው፤ ባዕድነት እንደ ጫማ ነው፤ አንዱ ደጃፍ ላይ ታወልቀዋለህ፣ ሌላው ደጃፍ ላይ ይጠብቅሃል።

የጫማውን ሒሳብ ጠየቅናት። ከእኛ ፊት ነጭ የለበሱት አሮጊት የከፈሉትን ሳንቲም አይተን ያንኑ ልናወጣ ስንል ራሷን በአሉታ ነቀነቀች፤ ከፊታችን የቆሙትን ፈረንጆች በአገጯ ጠቆመች። ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን። ከፈልን፤ የባዕድ ዋጋ።

ቸር ይግጠመን።